ስለ ጥንታውያን ሕንፃዎችና ስለ ቤተ መዘክር
(በአቃቂና በቃሊቲ አካባቢ ያደረግነው ጥናት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነን አንድ የብረት ቁራጭ ነው። በደብራችን ቅጥር ግቢ፣ ከአሮጌው ዕቃ ቤት አጠገብ በቆመው የወይራ ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሲደወል የኖረውን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ብዙዎቻችን ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ድምፁን ለይተን እናውቅ ነበር፤ ለኪዳንም፣ ለቅዳሴም፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መግቢያም የሚደወለው እርሱ ነበርና። ድምፅ ማጉያ ከተገዛ በኋላ ግን ሥራው ቀረ። ሽቦው ሲበጠስ ወርዶ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተጣለ። ባለፈው ዓመት በአንድ ቅዳሜ ከእኛ መካከል ሁለቱ ለመዝሙር ጥናት ሲመጡ ብረቱን በቆራሌው ጋሪ ላይ፣ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከተሰበረ ወንበር ጋር ተጭኖ አገኙት። በዋጋው ተስማምተው ነበር፤ የቀረው ገንዘቡን መቁጠር ብቻ ነበር።

ወጣቶቹ ቢለምኑ ጋሪው ቆመ፤ ብረቱም ለጊዜው ወረደ። ነገሩ ወደ ሰበካ ጉባኤ አባቶች ቀረበ። ከአባቶች አንዱ ያለ ቁጣ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ብረት ብረት ነው። ደብሩም ገንዘብ ያስፈልገዋል። ይህ ነገር እንዲቀመጥ የምትፈልጉበት ምክንያት ካለ ጽፋችሁ አምጡ። የዕቃ ቤቱንም ነገር ጨምራችሁ አስቡበት፤ እርሱም መፍረሱ አይቀርምና።» በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። ብረቱ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ ዕቃ ቤቱም ከምንና እንዴት እንደ ተሠራ የሚያውቅ አንድ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። ስለዚህ ጥናቱን የጀመርነው ከዕውቀት ሳይሆን ከዕፍረት ነው ብንል እውነቱን መናገራችን ነው።

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይ እስራኤል ዮርዳኖስን ከተሻገሩ በኋላ ከወንዙ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አንሥተው እንዳቆሙ ተጽፏል። እነዚያ ድንጋዮች ከሌላው የወንዝ ድንጋይ የሚለዩበት ልዩ መልክ አልነበራቸውም። የለያቸው ነገር ልጆች ስለ እነርሱ ሲጠይቁ አባቶች የሚመልሱት መልስ መኖሩ ነው። ድንጋዩ ቆሞ መልሱ ቢጠፋ ግን ያው ተራ ድንጋይ ይሆናል። በእኛ ዘንድ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ደወሉ አለ፣ መልሱ የለም።

ባቡሩና አቃቂ

በመጀመሪያ የሄድነው ወደ አሮጌው የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ነው። የሄድነውም ስድስት ሆነን፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና ሁለት ደብተር ይዘን ነበር። የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መምጣት ያቆመው በ2000 ዓ.ም አካባቢ ስለሆነ ከመካከላችን ታናናሾቹ ባቡር በዚያ ሲያልፍ አላዩም። ሐዲዱን በእግራችን ተከትለን ስንሄድ በአንዳንድ ስፍራ ሣር ውጦታል፤ በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ ልጆች ሚዛን ጠብቀው የሚራመዱበት መጫወቻ ሆኗል። በሜትራችን ስንለካው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ አንድ ሜትር ሆኖ አገኘነው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት ነበረበት። ሐዲዱ ጠባብ ሲሆን በተራራ ወገብ ላይ በጠባብ ኩርባ መዞር ይችላል፤ የሚቆፈረውና የሚሞላው መሬትም ያንሳል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይቀላል። በመስከረም 2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን ስፋቱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ስለሆነ አሮጌው ባቡር በአዲሱ መንገድ ሊሄድ አይችልም። አሮጌው ሐዲድ ከሥራ ውጭ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

የምድር ባቡሩ ታሪክ የሚጀምረው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ በሰጡበት ጊዜ ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ኢጣልያም በባቡሩ ጉዳይ ይከራከሩ ስለ ነበር ሥራው ለብዙ ዓመታት ቆመ። መሥመሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም ስላረፉ ያን ያህል የደከሙለት ባቡር ወደ ከተማቸው ሲገባ ሳያዩ ቀሩ። ርዝመቱ በጠቅላላው 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ለገሀር የምንለው ስም ራሱ በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት ሲሆን፣ ትልቁ የለገሀር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም ነው።

እዚህ ላይ ሁላችንንም ያስደሰተ አንድ ነገር አለ። ሐዲዱ የተዘረጋው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ባቡሩን አቃቂ ያየችው ከአዲስ አበባ ቀድማ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ መጽሐፍም ሊቅም አያስፈልገውም፤ ካርታ ማየት ይበቃል። ሆኖም እኛ የአቃቂ ልጆች «ከተማ ልንሄድ ነው» እያልን ስናድግ ከተማው ባቡሩን ከእኛ በኋላ መቀበሉን አስበን አናውቅም ነበር። ጥቂት ኮራን፤ አንባቢ ይቅር ይበለን።

ባቡሩ ምን አመጣ? ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ጨርቅና የፋብሪካ መሣሪያ አመጣ፤ ቡናና ቆዳ ይዞ ወረደ። የአቃቂን መልክ የለወጠውም ይህ ነው። ፋብሪካ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ዕቃ የሚያመጣለት መንገድ፣ ውሃና ሜዳ። አቃቂ ሦስቱም ነበራት። በ1950 ዓ.ም አካባቢ የሕንድ ባለሀብቶች ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና ያቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚህ ተተከለ፤ በጥር 1967 ዓ.ም ብዙ ኢንዱስትሪዎች ሲወረሱም የመንግሥት ሆነ። ከመካከላችን የአንዳንዶቻችን አያቶች ወደዚህ ስፍራ የመጡት የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ነው። ከእነርሱ በፊት ግን በዚህ ሜዳ ጤፍ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ የኦሮሞ ገበሬዎች ነበሩ። ቱሉ ዲምቱ የሚለው ስም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት መሆኑን ያልሰማ ቢኖር አሁን ይስማ። ለብሎኬት መሥሪያ የሚወሰደውን ቀይ አሸዋ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደ መጣ ይገባዋል። የቦታ ስምም ቅርስ ነው፤ እንዲያውም ለመጠበቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ቅርስ ነው።

በጣቢያው አቅራቢያ ያገኘናቸው በጡረታ ላይ የሚገኙ አንድ የባቡር ሠራተኛ አዛውንት ብዙ ነገር አጫወቱን። እኛ «አባባ» እያልን ስንጠይቃቸው እርሳቸው ደግሞ «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ሊትሪና ስለሚባለው ፈጣን የመንገደኞች ባቡር፣ በየጣቢያው ሙዝና ቆሎ ስለሚሸጡ ሴቶች፣ በክረምት ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ መንገደኛው ሁሉ ሁለትና ሦስት ቀን በረሃ ላይ እንደሚውል ነገሩን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ደወላችን ስንነግራቸው የሰጡን መልስ ነው። «ከሐዲዱ ወገብ ላይ አያችሁ? የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት በጉልህ ፊደል ተጽፎበታል። ሂዱና አንብቡ» አሉን።

ሮጠን ተመለስን። ግን አንድ ነገር አስቀድመን አበላሽተን ነበር። ብረቱ ከጋሪው ከወረደ በኋላ «እናሳምረው» ብለን በሽቦ ብሩሽ ግጥም አድርገን ፍቀን፣ ብርማ ቀለም ቀብተነው ነበር። ዝገቱን ስንፍቅ ጉልሁን ፊደልም አብረን ፈቅነዋል። ቀለሙን በጥንቃቄ ስናነሣ የታየን 1 እና 9 የሚሉ ቁጥሮችና ጥቂት የላቲን ፊደላት ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ ሁለት ቁጥሮች በእኛ ብሩሽ ተበልተዋል። በክፋት የጠፋ አይደለም፤ በፍቅር ነው የጠፋው። ወደፊት ማንም ሰው አሮጌ ነገር ሲያገኝ ከማጽዳቱ በፊት ይመልከት፣ ፎቶ ያንሣ፣ ይጻፍ። ቀለም መቀባት ይቆየው።

በዚህ ሐዲድ ላይ ስላለፉት ሁለት ነገሮች ብቻ እንጨምር። በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ወደ ጅቡቲ ያወረደው ባቡር የሄደው በዚሁ በአቃቂ በኩል ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በመጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባውም ከአዋሽና ከሞጆ አቅጣጫ፣ በእኛ በኩል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሚያዝያ 27 ቀን የተመለሱት በሰሜን፣ በእንጦጦ በኩል ነበር። እንግዲህ አቃቂ ሲሄዱ አይታ ሲመለሱ አላየችም።

የነፋስ ስልክ

ስለ ባቡሩ ብዙ ስላልን ስለ ሬዲዮ ጣቢያው አሳጥረን እንጻፍ። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያን የሠራው አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ነው፤ ሥራው ተፈጽሞ የተመረቀው በ1927 ዓ.ም ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በመስከረም 1928 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ጣቢያ ለውጭ አገር ሕዝብ ስለ ሰላም ተናገሩ፤ እቴጌ መነንም በዚያው ሰሞን ለዓለም ሴቶች ጥሪ አቀረቡ። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የኢትዮጵያን ድምፅ ወደ ዓለም ያሰማው መሣሪያ በኢጣልያውያን እጅ የተሠራ መሆኑ ሁላችንንም አስገረመን። በዚያ ጊዜ ሽቦ የሌለው ስልክ ሕዝቡን ስላስደነቀው «የነፋስ ስልክ» ተባለ፤ ነፋስ ስልክ የሚለው የጎረቤታችን ሰፈር ስምም ከዚህ የመጣ ነው። በየቀኑ ታክሲ ላይ «ነፋስ ስልክ! ነፋስ ስልክ!» እያለ የሚጣራው ረዳት ታሪክ እያወጀ ነው ማለት ነው።

ከአቃቂ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለውን አባ ሳሙኤልን ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙበት ግድብ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው ከ80 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም እንደገና ሥራ ጀመረ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይል 5,150 ሜጋ ዋት ስለሆነ ከአባ ሳሙኤል 780 ጊዜ ይበልጣል፤ ሆኖም ታላቁን ለመሥራት የተደፈረው ታናሹ አስቀድሞ ስለ ተሠራ ነው። ሐይቁ ግን ከከተማው በሚወርድ ቆሻሻና ደለል ተጎድቷል። ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ስለ ዕቃ ቤቱ

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ግቢ ተመለስን። አሮጌው ዕቃ ቤት ከሩቅ ሲታይ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። መሠረቱ ድንጋይ፣ ምሰሶው ጥድ፣ ግድግዳው ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በስተ ምሥራቅ ያለው ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ይህን ስንጥቅ አንዳንድ ሰዎች የእርጅና ምልክት ነው ይሉታል፤ ነገሩ ግን ከአፈሩ ነው። የአቃቂ መሬት መረሬ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። መረሬ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ቤቱን ያነሣዋል፣ አንድ ጊዜ ያወርደዋል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ አሮጌ ቤት ለመጠበቅ የመጀመሪያው ሥራ ግድግዳ መለሰን ሳይሆን የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ተቀብሎ ከመሠረቱ ማራቅ ነው። አሸንዳው ከተነቀለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ምስጥ የጥድን ምሰሶ እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ አይደፍረውም፤ ምሰሶዎቹን በብረት ስናንኳኳቸው አሁንም ጽኑ ናቸው።

በግቢው ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ አሉ። እርሳቸውን መጀመሪያ አለመጠየቃችን ጥፋታችን ነበር፤ መልስ ፍለጋ እስከ ጣቢያ ስንሄድ መልሱ ደጃችን ተቀምጦ ነበርና። እማሆይ እንዲህ አሉን፤ «ያ ብረት እኮ የቤቱ ትርፍ ነው። ቤቱ ሲሠራ ለበሩ ጉበን የሚሆን ጠንካራ ነገር ጠፋ። አንድ የባቡር ሠራተኛ ምእመን ከሥራ የወጣ ሐዲድ ለምኖ አመጣ። ረዘመባቸውና ቆረጡት። ትልቁን ከበሩ በላይ አስገቡት፤ ትንሹን አባ ሰቀሉት፤ ደወል ሆነ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ ብረቱ ሲቆረጥ ቀኑን ሙሉ መጮኹን አስታውሳለሁ።»

ሄደን ከበሩ በላይ ያለውን ልስን ተመለከትን። በአንድ ጥግ ጥቂት ልስን ረግፎ የብረት ጫፍ ታየን። ቅርጹ የሐዲድ ነው። እንግዲህ ደወሉና ቤቱ አንድ ናቸው። ከዚህም በላይ፣ እኛ ከደወሉ ላይ የፈቅነው ጽሑፍ በጉበኑ ላይ ከልስኑ ሥር ብሩሽ ሳይነካው ሊኖር ይችላል። ቤቱ በአንድ ቀን በዶማ ቢፈርስና ብረቱ ከቆርቆሮው ጋር ቢሸጥ ይህ ዕድል አብሮ ይሄዳል። በክፍለ ከተማችን ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ስላሉ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የተሸጠ ብረት ብዙም ሳይቆይ የቤት ፌሮ ሊሆን ይችላል።

በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከአባሎቻችን አንዱ፣ በሒሳብ ትምህርቱ የታወቀ ወንድማችን፣ እንዲህ ሲል ተቃወመን፤ «ቤቱ ቢፈርስ በቦታው ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች ይሠራሉ። ከኪራዩ የአብነት ተማሪዎች እንጀራ ያገኛሉ። እናንተ ለተሰነጠቀ ግድግዳ ስታለቅሱ ተማሪዎቹ በቆሎ ያድራሉ።» ይህን ወንድማችንን ዝም ለማሰኘት አልቻልንም፤ የተናገረው እውነት ነውና። የተራበ ሰው ፊት ስለ ጉበን መናገር ቀላል አይደለም። ከብዙ ንግግር በኋላ የተስማማነው ኪራይ ቤቱ በግቢው በሌላ ወገን፣ በአጥሩ ጥግ ሊሠራ ይችላል ወይ የሚለውን እንለካ በሚለው ነው። ለካን። ሁለት ክፍል ይወጣዋል፤ ሦስት አይወጣውም። ይህንንም እንዳለ ጽፈን አቅርበናል። አንድ ክፍል ጎድሏል፤ አልደበቅነውም።

ቤተ መዘክር ምን ዓይነት ቤት ነው?

ቤተ መዘክር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ትልቅ አዳራሽና የመስታወት ሣጥን ነው። እርግጥ ነው፤ በአዲስ አበባ ትልልቆቹ ቤተ መዘክሮች በታላላቅ ሕንፃዎች ውስጥ ይገኛሉ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ያለው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ነው። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም ደግሞ የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ሲሆን፣ ለሕዝብ የተከፈተው ከተማዋ 100ኛ ዓመቷን ስታከብር ነው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ስንዞር ከሚታዩት ዕቃዎች ይልቅ ቤቶቹ ራሳቸው ያስተማሩን ይበልጣል፤ ደረጃው፣ በረንዳው፣ የእንጨቱ ቅርጽ የዚያን ዘመን አናጢ ያስታውሳል።

ነገር ግን በመልካ ቁንጡሬ ያየነው ሐሳባችንን ለወጠው። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቡታጅራ መንገድ ላይ፣ የእኛ የአቃቂ ወንዝ በሚገባበት በአዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል። በ1955 ዓ.ም አካባቢ ጌሪት ዴከር የተባለ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ካገኘው ጀምሮ ከሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከአጎራባቹ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ዓመታቱ ብዛት በመካከላችን ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ እርሱን ለመምህራን ትተነዋል። እኛን የገረመን ሌላ ነው። ያ በዓለም የታወቀ ስፍራ ቤተ መዘክሩን ያደረገው በጎጆ ቤቶች ውስጥ ነው። ጎጆ! ክብ፣ በክዳን የተሸፈነ፣ አያቶቻችን ያደሩበት ዓይነት። ስለዚህ ቤተ መዘክር የሚያደርገው የቤቱ ትልቅነት አይደለም፤ በውስጡ ያለው ነገር ስሙ፣ ምንጩና ታሪኩ ተጽፎ መቀመጡ ነው።

እንዲያውም ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሥራ ከጥንት ታውቀዋለች። ዕቃ ቤት ማለት ሌላ ምንድን ነው? ቄሰ ገበዙ ንዋያተ ቅድሳቱን ቆጥሮ ይረከባል፣ ቆጥሮ ያስረክባል። በብራና ወንጌሎች ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የነገሥታት ስም፣ የዕቃ ቁጥር ይጻፍ ነበር፤ የታሪክ ሊቃውንትም ብዙ ነገር ያገኙት ከእነዚህ ጽሑፎች ነው። የመመዝገብ ጥቅም በችግር ጊዜ ይታያል። በ1989 ዓ.ም ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል በቤልጅየም አገር ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም ሊመለስ የቻለው ማንነቱ የታወቀ ስለ ነበር ነው። ፎቶም መዝገብም የሌለው መስቀል ቢጠፋ ግን «የእኔ ነው» ብሎ በምን ማስረጃ ይጠየቃል? በሰኔ 1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ሰው ለቤት ወይም ለመንገድ ሲቆፍር ቅርስ ቢያገኝ ሳያጠፋ ጠብቆ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዛል። በአሁኑ ጊዜ በአቃቂ ቃሊቲ በየአቅጣጫው ቁፋሮ ስላለ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተነሣ፤ የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም ቃሊቲ ድረስ ተዘረጋ፤ መኖሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች እርሻውን ሸፍነውታል። መንገዱን አንጠላም፤ እኛም እንሄድበታለን። ከመቆፈሩ በፊት አንድ ሰው ደብተር ይዞ ቢቆም ግን ምን ይጎዳል?

የያዝነው መዝገብ

እኛም በአቅማችን አንድ መዝገብ ከፍተናል። መስመር ያለው ተራ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር እንሰጣለን፤ ምን እንደሆነ፣ ርዝመቱንና ወርዱን፣ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተናገረለትና ቀኑን እንጽፋለን። ተናጋሪው «ይመስለኛል» ካለ «ይመስለኛል ብለዋል» ብለን እንጽፋለን፤ አናሳምርም። ቁጥሩን በዕቃው ላይ በቀለም አንጽፍም፤ በክር በታሰረ ወረቀት ላይ እንጽፈዋለን፤ ከብሩሹ በኋላ ቀለም እንፈራለን። ፎቶግራፍ ያላቸው ቤተሰቦች ፎቶውን ለእኛ እንዲሰጡ አንጠይቅም፤ ቀድተን በዚያው ዕለት እንመልሳለን፤ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም እንቀዳለን። ወረቀትና ፎቶ ከፀሐይና ከመሬት እርጥበት ይራቃል። እስካሁን 14 ነገሮች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም የባቡር ፋኖስ፣ የፋብሪካ የሥራ መታወቂያ፣ ከሰል ካውያና የአንዲት እናት የፈትል እንዝርት ይገኛሉ። እንዝርቱ ከፋብሪካው መታወቂያ አጠገብ ተቀምጧል፤ ባለቤቷ በቀን ፋብሪካ ፈትለው ማታ ቤት ይፈትሉ ነበርና።

ይህን ጽሑፍ አሳጥረን ለሰበካ ጉባኤው ያቀረብነው በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። አባቶች እስከ መጨረሻው ሰሙን። ብረቱ እንዳይሸጥ ተስማሙ፤ በመዝገባችን ቁጥር 1 ሆኖ ገብቷል። የዕቃ ቤቱ ነገር ግን አልተቆረጠም፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንደገና ይታያል። ቢፈርስም እንኳ በሚፈርስበት ቀን ከእኛ ሁለት ሰዎች ከማለዳው ጀምሮ በበሩ ላይ እንዲቆሙና ጉበኑ ሲወርድ ማንም ብሩሽ ሳያስነካው ጽሑፉን እንዲገለብጡ ተፈቅዶልናል። ሁለቱ ወጣቶች ተመርጠዋል፤ አንደኛው ያ በሒሳብ የታወቀው ወንድማችን ነው። አሸንዳውን እስከዚያ ድረስ ለማደስ ከአባላት መዋጮ ጀምረናል፤ ቆርቆሮው ተገዝቷል፤ ሚስማሩ ይቀራል። እማሆይም ስለ ቤቱ ሠሪዎች የቀረ ነገር እንዳለ ነግረውናልና በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብተራችንን ይዘን እንቀመጣለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ይቆየን።